ጥለቱን ወደ ላይ ያዞረው ሰፈር

ዛሬ ጠዋት ጭምብልህን ስታስር ጥለቱን ወደየት አዞርከው? ወደ አገጭህ ነው ወይስ ወደ ዓይንህ? ካላስታወስክ ሰፈርህ ታሽጎ አያውቅም ማለት ነው፤ እንኳን ደስ ያለህ። የደብረ ብርሃን ዳገት ሰፈር ሰው ግን ከእንቅልፉ ቀስቅሰህ ብትጠይቀውም አይሳሳትም።

ወረርሽኙ ከገባ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። አለቀ ብሎ ያወጀ የለም፣ አላለቀም ብሎ የሚጨነቅም የለም። ያኔ የተወለዱት ዛሬ ወልደዋል፤ ልጆቻቸው እናታቸውን የሚለዩት በግንባሯና በቅንድቧ ነው። ምግብ ቤት የገባ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይጎርሳል። ቅዳሜ ገበያ ላይ ጭምብል ሻጩ ክብሪት ይጭርና «በል እፍ በላት» ይላል። ገዢው ጭምብሉን እንዳደረገ እፍ ብሎ እሳቷ ከጠፋች ጨርቁ ሳስቷል፣ አይገዛም። ካልጠፋች ዋጋ ይነጋገራሉ። የሙሽራ ጭምብል ጥለቱ ሰፊና ወርቃማ ነው፤ የሥራ ቀኑ ከጣት አይሰፋም።

ጥለቱ በደህና ቀን ወደ ታች፣ አገጭ ላይ ይውላል። ሰው ሲሞት ጭምብሉ ይገለበጥና ጥለቱ ከዓይን ሥር ይሆናል። ይህን ያወጀ አካል የለም። እናቶቻችን ለለቅሶ ሲወጡ የነጠላቸውን ጥለት ወደ ላይ እያደረጉ ኖረዋል፤ ነጠላው ተቆርጦ ጭምብል ሲሆን ልማዱም አብሮት ፊት ላይ ወጣ፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

የትንፋሽ ጥበቃ ቢሮ የሚባለው ሲቋቋም አንድ ራስ ምታት ነበረበት። ሰው ሟቹን ይደብቃል። ቤቱ እንዳይታሸግበት ሬሳውን በጓሮ አውጥቶ ይቀብርና «አጎቴ ጠበል ሄደዋል» ይላል። ቢሮው ውስጥ የተቀመጠ አንድ ብልጥ ታዲያ ሰው ሬሳ ቢደብቅም ጥለት እንደማይደብቅ አስተዋለ። በየማዕዘኑ ምሰሶ ላይ የተሰቀሉት፣ ሕዝቡ «ዓይኑ» የሚላቸው ካሜራዎች፣ ወደ ላይ የዞረ ጥለት መቁጠር ጀመሩ። በአንድ ሰፈር የኀዘንተኛው ቁጥር ከልክ ሲያልፍ ሰፈሩ ራሱን ይዘጋል። ማንም አይፈርምበትም። ማንም ስለማይፈርምበትም ማንም አይጠየቅበትም፤ የተወደደውም ለዚሁ ነው።

ደንቡን የጻፈው ሰው ከባሕር ማዶ አልመጣም። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ንፍሮ የቆረጠመ ሰው ነው። አንድ እድርተኛ ሲሞት እድሩ በሙሉ ጥለት እንደሚያዞር፣ ሟቹን በስም የማያውቀው ጭምር እንደሚያዞር ያውቃል። እያወቀ ነው የጻፈው።

ማክሰኞ ማለዳ ፋናዬ ጭምብል እየቀቀለች ነበር። በዳገት ሰፈር ሁሉም ቤት ለዚህ ብቻ የተለየ ድስት አለ፤ ከሌላ ድስት ጋር አይቀመጥም። ፋናዬ መምህርት ናት፤ ለአንደኛ ክፍል ልጆች አፏን ሳታሳይ ፊደል ታስቆጥራለች። ባሏ ጌጡ ጭምብል ሰፊ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ አስም አለበት፤ በዚህ ምክንያት ይመስላል ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው የሚሰፋው ጭምብል ስም ያወጣለት። አፍንጫው ላይ ሽንሽን አድርጎ ቦታ ይተውለታል፣ ክሩን ከጆሮ ላይ አንሥቶ ከማጅራት ያሳስረዋል። የሰፈሩ ግማሽ ፊት የእሱ ስፌት ነው።

የእድሩ ጡሩንባ ከታች በኩል ተነፋ። ፋናዬ ማማሰያውን ይዛ ቆመች።

«ማን ይሆን?»

«ከእማማ የሻረግ ደጅ ነው የመጣው» አለ ጌጡ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ። «ነፍሳቸውን ይማር። ዘጠና ዓመት ተነፈሱ እኮ! የእኔን ድርሻ ሳይጨምሩበት አይቀሩም።»

«አንተ! አሁን ይህ ይቀለድበታል?»

«እሳቸው ቢሰሙ ከእኔ በላይ ይስቁ ነበር።»

ተነሥቶ የለቅሶ ጭምብሉን ከሚስማሩ ላይ አወረደ። የለቅሶ ጭምብል ድርብ ነው፤ ድርብ ካልሆነ ለሟች እንደ መሳሳት ይቆጠራል።

«ሳሳ ያለውን አድርግ፣ ጌጡ። ሰው አያይህም።»

«ለእማማ የሻረግ? ጥርሴን የነቀልኩት እሳቸው ደጅ ነው» አለና ጥለቱን ከዓይኑ ሥር አድርጎ አሰረው። «ደግሞ ድንኳን ተካይ ጠፍቷል ብለው ጋሽ ይርዳው ይጣራሉ። እደርስና እመለሳለሁ።»

ፋናዬም የራሷን ገልብጣ አሰረች። መንገድ ላይ ስትወጣ ሰፈሩ በሙሉ ተገልብጦ ጠበቃት። ባለሱቁ፣ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ የተሰለፉት፣ ሰፈር ከገቡ ወር ያልሞላቸው ተከራዮች ሳይቀሩ ጥለታቸው ከዓይናቸው ሥር ነበር። ዓይኖቹ ከምሰሶው ላይ ሆነው ዝም ብለው አዩ።

ቀብሩ በሰላም ተፈጸመ። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ፣ የመጨረሻዎቹ ሽማግሌዎች ከሰፈሩ መግቢያ አልፈው እስኪገቡ ድረስ ምንም አልሆነም። እነሱ ሲገቡ ከበስተኋላቸው የመግቢያው የብረት በር ወረደ። ከምሰሶው ድምፅ ማጉያ አንዲት ሴት ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ዳገት ሰፈር ታሽጓል። አራት መቶ ኀዘንተኛ ታይቷል። ይታገሱ። ትንፋሽዎ የሁላችንም ነው» አለች።

ድንኳኑ ውስጥ መጀመሪያ የሳቀችው የፋናዬ ጎረቤት ወይንሸት ናት።

«አራት መቶ? በየቤቱ ሬሳ አለ ብለዋላ! እንግዲያው የእኔም ሰውዬ ሞቷል ማለት ነው! ሲያንኮራፋ ትቼው ነበር የመጣሁት፤ ቢሮው ባይነግረኝ በምን አውቅ ነበር!»

«ዝም በይ አንቺ፣ ለቅሶ ቤት ነው» አሉ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ይርዳው፤ እሳቸውም ግን ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። «ስሕተት ነው፣ ነገ ይከፍቱታል» ተባለ። ማንም ጥለቱን አልመለሰም። እማማ የሻረግ ገና ሠልስታቸው አልወጣማ። የሟች ልጅ አቶ ንጋቱ ጥግ ላይ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ጥለቱን እስከ ሽፋሽፍቱ ስቦት ነበር።

ረቡዕ ጠዋት በሩ አልተከፈተም። ጌጡ ደግሞ ከአልጋው አልተነሣም።

ድንኳኑን ሲተክል፣ ከዚያም ሬሳውን ሲሸከም በዚያ ድርብ ጨርቅ ውስጥ ሲያለከልክ መዋሉ ደረቱ ላይ ተቀምጧል። ፋናዬ ጭምብሉን ፈታ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችውና ባሏን ትራስ አስደግፋ አስቀመጠችው። ወደ አፉ የሚነፋትን የአስም መድኃኒት ደጋግሞ ነፋ። ዕቃዋ ባዶዋን ፍስስ አለች።

«ሌላ የለም?»

ራሱን ነቀነቀ። ለመናገር የሚሆን ትንፋሽ አልነበረውም። ሲስብ ከአንገቱ ሥር ቆዳው ወደ ውስጥ ይገባል።

ፋናዬ ወደ መግቢያው ሮጠች። ጤና ጣቢያው ከብረቱ ማዶ ይታያል። ቀይ ቆርቆሮ ክዳኑ፣ ደጁ ላይ የቆመው አምቡላንስ፣ ጥላ ሥር ቁጭ ያለው ሾፌሩ፣ ሁሉም ይታያል። በብረቱ አናት ላይ ያለው ሰሌዳ የኀዘንተኛውን ቁጥር ያበራል።

«ወንድሜ፣ ባሌ አስም ተነሥቶበታል። ወይ አውጡት፣ ወይ ኦክስጅን አቀብሉኝ።»

ጠባቂው ወጣት ነው፤ ፊቱ ላይ የደንብ ልብስ ጭምብል፣ ጥለት የሌለው። «እቴ፣ እኔ ቁልፍ የለኝም። ቁልፉ ቁጥሩ ነው። ከታሸገ ሰፈር ዕቃም አይገባም፣ አይወጣም።»

«እዚህ ውስጥ እኮ በሽታ የለም! የሞቱት አንዲት አሮጊት ናቸው።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

«ትናንት ሲያልፉ ሬሳ ሳጥን አንድ ነው ያየሁት» አለና ዓይኑን ሰበረ። «ቆይ፣ ኃላፊውን ላገናኝሽ።»

ስልኩን በብረቱ ፍርግርግ በኩል ወደ ጆሮዋ አስጠጋላት። የቢሮው ኃላፊ አቶ ናሁሠናይ ረጋ ያለ፣ የተማረ ድምፅ አለው። እስከ መጨረሻው አዳመጣት። አላቋረጣትም።

«ወይዘሮ ፋናዬ፣ ልማዱን እኔም አውቀዋለሁ። እኔም እድርተኛ ነኝ። አንድ ሰው ብቻ እንደሞተ ከሪፖርቱ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ይክፈቱልን እንጂ!»

«እኔ ብከፍተው ለእናንተ ሰፈር ተብሎ የተለየ አሠራር ተፈጠረ ይባላል። ነገ ሌላው ሰፈር ይጠይቃል። ዓይኑ የሚያየውን ነው የሚያየው። ጥለታችሁን ብትመልሱ ግን ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል፣ ያኔ በሩ በራሱ ይከፈታል። ይህን ያህል ከባድ ነገር አልጠየቅንም እኮ።»

«ሰው ሠልስት ላይ ነው፣ ጌታዬ። እንዴት ብዬ ነው ዞሬ ኀዘናችሁን አውልቁ የምለው?»

«እሱን እናንተ ተነጋገሩበት» አለ፤ በጨዋ ደንብ መልካም ቀን ተመኝቶላት ዘጋው።

ዝሆን የሚያህል ብረት፣ የሚከፍተው ሰው የሌለበት። ፋናዬ ያን ብረት አንዴ በእጇ መዳፍ መታችው። ድምፅ እንኳ አላወጣም።

ድንኳኑ ውስጥ ገብታ መሐል ላይ ቆመች። ለቅሶ ቤት መሐል ላይ የሚቆም አልቃሽ ነው፤ ሰዉ ልታለቅስ መስሎት ዝም አለ።

«ጥለታችሁን መልሱልኝ» አለች።

«ምን አልሽ?» አሉ ጋሽ ይርዳው።

«ጌጡ ሊሞትብኝ ነው። ቁጥሩ ካልወረደ በሩ አይከፈትም። ጥለታችሁን ወደ ታች መልሱልኝ።»

ጉርምርምታ ተነሣ። አንዲት ሴትዮ፣ «የእማማ የሻረግ አፈር ሳይደርቅ?» አለች። ሌላው፣ «ነገ ጠዋት ቢሆንስ?» አለ።

«ነገ ጠዋት ለማን?» አለች ወይንሸት ብድግ ብላ። «ለማን ነው ነገ ጠዋት? አንተ እስቲ ትንፋሽህን እስከ ነገ ጠዋት ያዝና አሳየን!»

«ልጄ» አሉ ጋሽ ይርዳው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ የእድር ዳኛ ነኝ እንጂ ኀዘኑ የእኔ አይደለም። ባለቤቱ እያለ እኛ ቀድመን ብንመልስ እናቱን እንደ ናቅንበት ነው። ከዚያ በኋላ ይህ ሰው ከማን ጋር ይኖራል?»

የሁሉም ዓይን ወደ ጥጉ ዞረ። አቶ ንጋቱ አልተነሣም። ሽማግሌ አይደለም፤ አምሳ ዓመት ቢሆነው ነው። እናቱን አስታምሞ የቀበረ፣ ወንድም እህት የሌለው ሰው።

«ንጋቱ» አለች ፋናዬ።

«አልችልም፣ ፋናዬ» አለ። «ገንዘቤን ጠይቂኝ፣ ጉልበቴን ጠይቂኝ። ይህን ግን አትጠይቂኝ። እንደ ሠርገኛ ጥለቴን አውርጄ እናቴ ለቅሶ ላይ ልቀመጥ?»

«እኔም መጠየቄ አሳፍሮኛል። ግን እወቅልኝ፤ ይህን ድንኳን የተከለው እሱ ነው። ድርቡን አታድርግ ብዬው ለእማማ የሻረግ አልሳሳም ብሎ ነው የወጣው። ደረቱን ያፈነው የእናትህ ለቅሶ ነው።»

 ከዚያ ንጋቱ ሁለት እጁን ወደ ማጅራቱ ወሰደ። ክሩን ፈታ። ፊቱን ወደ ሸራው አዙሮ፣ ጭምብሉን ገለበጠና ጥለቱን አገጩ ላይ አድርጎ አሰረው። ሲዞር ማንንም አላየም።

«በሉ» አለ። «አልጋ አምጡና ሰውየውን ተሸከሙት።»

ድንኳኑ በሙሉ እጁን ወደ ማጅራቱ ሰደደ። ወይንሸት በየመንገዱ እየጮኸች ወረደች፦ «መልሱ! ንጋቱ መልሷል! መልሱ!» በየደጁ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይፈታል፣ ይገለብጣል፣ ያስራል። ያለቀሱ ነበሩ። «እማማ፣ ይቅር ይበሉን» እያሉ ያሰሩ ነበሩ።

ፋናዬ ቤቷ ስትደርስ የጌጡ ከንፈር ጠቁሯል። አራት ሰዎች አልጋውን ከነፍራሹ አነሡት። «ፊቱ! ፊቱን!» አለ አንዱ፤ ዓይኑ ባዶ ፊት ካየ በሩ ለሳምንት ይቆለፋል። ፋናዬ ከሚስማሩ ላይ ጭምብሉን ነጥቃ ክሩን ላላ አድርጋ አሰረችለትና አልጋውን ተከትላ ሮጠች።

«ጌጡ፣ ደርሰናል። ክዳኑን አየኸው? ቀዩን አየኸው?»

ዓይኑን ከፈተላት። ጨርቁ አፉ ላይ ትንሽ ገባ አለ፣ ወጣ አለ።

መግቢያው ላይ ሰሌዳው እየወረደ ነበር። መቶ ሆነ፣ ሠላሳ ሆነ። ጠባቂው ራሱ «ግፉ! ግፉ!» ይላል ማንን እንደሚገፋ ሳያውቅ። ማዶ አምቡላንሱ ሞተሩን አስነሥቷል። ሰባት፣ ሦስት፣ ከዚያ አንድ ላይ ቆመ።

«አንድ ቀርቷል! ማነው?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ሁሉም አገጩን ዳሰሰ። «ከቤት ያልወጣ አለ!» ተባለና ወጣቶች ወደ ላይ ሮጡ። ጋሽ ይርዳው በየሰዉ ፊት እየዞሩ በጣታቸው እየጠቆሙ ያያሉ። ንጋቱ «የእኔ ነው?» እያለ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። ወይንሸት ወደ ምሰሶው ቀና ብላ ጮኸች፦ «የታለ? አንተ ዕውር፣ የቱ ነው? አሳየንና እንመልሰው!» አልጋ ተሸካሚዎቹ ክንዳቸው እየዛለ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩት። ሰሌዳው አንድ እንዳለ ቆየ።

ፋናዬ ናት ያየችው። ላቡን ልትጠርግለት ጎንበስ ስትል ጥለቱ ከዓይኑ ሥር ነበር። የማክሰኞው ጭምብል ነው። ጠዋት ፈታ እንደሰቀለችው፣ ራሱ ለእማማ የሻረግ እንዳሰረው፣ ወደ ላይ።

ክሩ አልፈታ አላት። በጥርሷ በጠሰችው። ምሰሶው ባዶ ፊቱን እንዳያይ በትከሻዋ ከልላ ጨርቁን ገለበጠችና በሁለት እጇ ፊቱ ላይ ያዘችው።

ሰሌዳው ዜሮ አለ። ብረቱ ያለ ድምፅ ተነሣ። ሰዉ በእልልታና በጩኸት መሐል የሆነ ድምፅ አወጣ፣ ተሸካሚዎቹም ሮጡ፤ ፋናዬም ጨርቁን ፊቱ ላይ እንደያዘች አብራ ሮጠች። ከብረቱ ሥር ስታልፍ እጇ አንድ ነገር ነገራት። ጨርቁ አይገባም፣ አይወጣም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የሆነውን መዘርዘር አያስፈልግም። ደረሳችሁ ግን ዘገያችሁ የሚባለውን ነገር በስንት መንገድ ማለት እንደሚቻል ሁላችንም እናውቃለን።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ይርዳው መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ሰዉ ደጅ ላይ ቆሟል። እጁ ማጅራቱ ላይ ነው። አንቺን ነው የሚጠብቀው። አንቺ ካዞርሽ ሁላችንም እናዞራለን። ይዘጋ፤ ድብን ብሎ ይዘጋ!»

ፋናዬ በመስኮቱ አየች። የወይንሸት ልጅ፣ ሆዷ ገፍቶ፣ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ ወሯ ገብቷል። ንጋቱ አጠገቧ ነው።

«አይዞር» አለች ፋናዬ። «የማንንም አታዙሩ።»

ጌጡን ሠርገኛ በሚመስል ሰው መሐል ቀበሩት፤ ጥለቱ ሁሉ ወደ ታች። ካህኑ ሲፈቱ፣ አፈሩ ሲመለስ፣ የሚያልፍ መንገደኛ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ሊል አፉን ከፍቶ መቃብሩን ሲያይ ተወው። ንጋቱ ከመቃብሩ ራስጌ ቆሞ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነበር፤ ማጅራቱ ጋ እንዳይሄዱበት።

ዓርብ በከተማው አዳራሽ የሪፖርት ቀን ነው። ከየሰፈሩ ሰው ይመጣል፣ በየመደቡ ይቀመጣል፣ የትንፋሽ ጥበቃ ቢሮ የሳምንቱን ያነባል። አቶ ናሁሠናይ መድረኩ ላይ ተቀምጦ አነበበ። በንባቡ ላይ ስሕተት የለበትም፤ ነጠላ ሰረዙን እንኳ ያከብራል።

«ዳገት ሰፈር። ኀዘንተኛ፣ ዜሮ። በሳምንቱ በእሽጉ ውስጥ የሞተ፣ ዜሮ። ታሽጎ በማግስቱ በማገገሙ በከተማችን የመጀመሪያው ሆኗል። ለነዋሪው ሥነ ሥርዓት አክባሪነት የምስጋና ሽልማት ተዘጋጅቷል። የእድሩ ዳኛ ወጥተው ይቀበሉልን።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ጋሽ ይርዳው ከወንበራቸው አልተነሡም። የተነሣችው ፋናዬ ናት። በመሐል መተላለፊያው አልፋ መድረኩ ሥር ስትቆም ጭብጨባው በየመደቡ እየተቆራረጠ ጠፋ።

«ሽልማቱን ለመቀበል ነው?» አለ አቶ ናሁሠናይ።

«አይደለም። ጥያቄ አለኝ።»

«የጥያቄ ሰዓት መጨረሻ ላይ ነው፣ ወይዘሮ…»

«ፋናዬ። ረቡዕ ጠዋት በስልክ ተነጋግረናል። ባለቤቴ ጌጡ ይባላል። እርስዎ በሩ ይከፈታል ባሉበት ቦታ፣ በሩ ሲከፈት ሞተ። አሁን ያነበቡት ላይ አልሞተም። እማማ የሻረግም ማክሰኞ ሲቀበሩ በእናንተ ቆጠራ አራት መቶ ነበሩ፤ ዛሬ በሪፖርቱ እሳቸውም የሉም።»

ከኋላ መደብ «ይመልስ!» የሚል የሴት ድምፅ ተሰማ። ወይንሸት ናት።

አቶ ናሁሠናይ ወደ ድምፅ ማጉያው ጠጋ ብሎ እንደገና ራቅ አለ። «ኀዘንዎ ይገባኛል። ቢሮ ይምጡና በዝርዝር እንነጋገርበታለን። በር እከፍትልዎታለሁ።»

«በር እንደሚከፍቱ አይቻለሁ» አለች ፋናዬ። «ቢሮ አልመጣም። ለእኔ ብቻ ቢነግሩኝ አልሰማሁም፣ ወረቀት ላይ ቢጽፉልኝም አላነበብኩም። እርስዎ እድርተኛ ነኝ ብለውኛል። አንድ ሰው ብቻ እንደሞተ አይቻለሁ ብለውኛል። ዓይኑ አያውቅም ነበር፤ ብረቱም አያውቅም ነበር፤ እርስዎ ያውቁ ነበር። እያወቁ ለምን አልከፈቱም? ድምፅ ማጉያው ፊትዎ ነው፣ ከተማው በሙሉ ተቀምጧል። ይነሡና፣ ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ ይመልሱ።»